ተራዬን ዝለሉኝ

ጥምቀትን የማከብረው ደብረ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ግን ጃን ሜዳን ለጥምቀት አላውቀውም። በዋዜማው ጠዋት ከላምበረት እሳፈራለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተራው ሳያልፈኝ እደርሳለሁ።

በ2017 ጥምቀት እሑድ ዋለ። በማግስቱ፣ ጥር 12፣ የሚካኤልን ታቦት ሸኝቼ ስመለስ አባባን ምድጃ ዳር አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። ገረመኝ። ጥር 12 የማኅበራቸው ቀን ነው። አባባ የሚካኤልን ማኅበር ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። አንዴ ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን እንኳ በምርኩዝ ሄደዋል።

«ምነው አባባ፣ አይሄዱም እንዴ?»

«ጉንፋን ቢጤ ጀማምሮኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

አመንኳቸው። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ውጭ ያደረ ውኃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ የሚገኝበት አገር ነው።

አመሻሽ ላይ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ መጡ። የማኅበሩን ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። አልገባም ብለው በር ላይ ቆመው ከእማዬ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ። «የየካቲትን ጽዋ ሌላ ሰው ወሰደው» አሉ። «መምህር ተራዬን ዝለሉኝ ስላሉ ነው እንጂ እኛማ ምን ቸገረን? አንድ ዳቦና አንድ ማሰሮ ጠላ ቢሆን ማን ምን ይላል? እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው።»

እማዬ ዳቦውን ተቀብላ ገባች። ቆርሳ ሰጠችን። አባባ ሁለት ጊዜ ጎረሱና «በቃኝ» አሉ።

ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ለአንድ ሰው ተራ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው። የካቲት 12 ደግሞ ረቡዕ ነበር የሚውለው፤ የጾም ቀን። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። ድፎ ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎ፣ ለካህኑ የምትሆን አንዲት ነገር። አባባ በሕይወታቸው ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። በ73 ዓመታቸው አቃታቸው። ጉንፋን የሚባል ነገርም አልነበረባቸውም። ጽዋውን እንዳይረከቡ ነው የቀሩት።

እኔ በየበዓሉ የምችለውን እልካለሁ። ወንድሜም ይልካል። «እንዴት ናችሁ?» ስንል «ደህና ነን፣ ምን ጎደለብን» ይላሉ። ስንመጣ ዶሮ አለ፣ ቡና አለ፣ ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ለካ እኛ የምናየው እኛ የምንመጣበትን ቀን ብቻ ነው።

መልሱ ትክክል ነው

ማታ መብራት ጠፋ። እማዬ ቀድማ ተኛች። እኔና አባባ ሻማ አብርተን ተቀመጥን። ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል፤ አልቻልኩም። «አባባ፣ የማኅበሩን ነገር ሰምቻለሁ» አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ካለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር አንድ ገጽ ገነጠሉ። እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አባባ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ሞላሌ አስተምረዋል፣ መሐል ሜዳ አስተምረዋል፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን። አሁንም እርሳስ ከኪሳቸው አይጠፋም፤ በቢላ ነው የሚቀርጹት።

«እይ» አሉኝ። ስሜ ሲጠፋባቸው፣ ወይም ነገሩ ሲከብዳቸው፣ እኔንም እንደ ተማሪያቸው «እይ» ነው የሚሉኝ። «ጡረታዬን እናስላ። ከ1970 እስከ 2004 ስንት ዓመት ነው?»

«34።»

«ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ። ቀሪው 24። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ከሩብ በመቶ። 24 ሲባዛ በአንድ ከሩብ፣ 30። 30 እና 30፣ 60። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዜ በአማካይ 2,400 ብር ነበር። የዚያ 60 በመቶ 1,440።» ጻፉት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ጥቁር ሰሌዳ ላይም መልስ ላይ ሲደርሱ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ እኔም ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ።

«መልሱ ትክክል ነው» አሉ። «በአዋጁ ያለው ነው የተሰጠኝ። አንድ ሳንቲም አልተጓደለብኝም።»

እውነታቸውን ነው። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 714 የሚለው ይኸንኑ ነው። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። በ60 ዓመቱ ጡረታ ለሚወጣ ሰው በ18 ዓመቱ ሥራ መጀመር ማለት ነው።

አባባ አላቆሙም። ከ1,440 አጠገብ «1 ኩ. ጤፍ» ብለው ጻፉ። ጡረታ የወጡ ጊዜ የወር ገንዘባቸው ከሞላ ጎደል አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጡረታው ጥቂት ጊዜ ተጨምሯል። አሁን 3,900 ብር ያገኛሉ። ከሥሩ 3,900 ጻፉ። ከአጠገቡ «ሩብ ኩ.» አሉ። ሩብ ኩንታል ከተገዛ በኋላ የሚቀረው የደም ግፊት መድኃኒታቸውንና የዕድር መዋጮውን ለመሸፈን ነው፤ እሱም ከደረሰ።

ከዚያ ሦስተኛ መስመር ጻፉ። 1,950። ይሄን አላሰመሩበትም።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«የእናትሽ ነው» አሉ። «እኔ ስሄድ።»

ለሟች ባለቤት የሚደርሰው የጡረታው ግማሽ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ያን ማታ፣ ሻማው እየቀለጠ፣ በአባባ የእጅ ጽሕፈት፣ በካላንደር ጀርባ ላይ ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። እማዬ ከጓዳ ወዲያ ተኝታ ትንፋሿ ይሰማኛል። ግማሽ ሰው ሆኖ የሚኖር የለም። አንድ ሰው ሲሞት ቤት ለማሞቅ የሚነደው እንጨት ግማሽ አይሆንም። መብራቱም፣ ውኃውም፣ ዕድሩም ያው ናቸው።

አባባ ወረቀቱን አጣጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። «ከማኅበሩ መቅረቴ ይሄን አስቤ ነው» አሉኝ። «አንድ ማኅበር የደገስኩበት ገንዘብ ለእሷ ስንት ወር እንደሚሆን ስቆጥር እጄ አልሄድ አለኝ።»

በየወሩ የምቀንሰው

ሥራዬ ሂሳብ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ፔሮል እሠራለሁ። ወር በገባ ቁጥር ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ እቀንሳለሁ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ 18 በመቶ ገቢ ይሆናል። ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ለእኔ አንድ አምድ ነበር። ከዚያ አምድ ጫፍ ላይ ጋቢ ተከናንቦ «ጉንፋን ይዞኛል» የሚል ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም።

ሕጉን ልወቅስ አይደለም። በዚህ አገር ጡረታ የሚባል ነገር ራሱ ለስንቱ ይደርሳል? የግል ድርጅት ሠራተኛ ሽፋኑን ያገኘው በ2003 በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ገበሬው የለውም፣ የቀን ሠራተኛው የለውም፣ ጉልት የምትቸረችረው የላትም። አባባ በየወሩ የሚመጣ ነገር አላቸው። ችግሩ ስሌቱ የሚነሣው ከመጨረሻው ደመወዝ መሆኑ ነው። ደመወዙ በቆመበት ቀን ዋጋው ግን አይቆምም።

ቁጠባስ? አባባ ቆጥበዋል። ጡረታ ሲወጡ ባንክ ውስጥ 40 ሺህ ብር ነበራቸው። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነው። «ለክፉ ቀን» ብለው አስቀመጡት። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ነበር፤ በ2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ይሄን ለማስላት ሂሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ዘይቱና መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚመጡት። የአባባ ክፉ ቀን መጣ፤ የተቀመጠለት ገንዘብ ግን ቀድሞት ሟሙቶ ነበር።

ሰዎች ሲያዩዋቸው ይቆጫሉ። መጀመሪያ መምህር ከዚያ ለጥቂት ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ በፊታቸው የተረተ ዘመድ አለን። አባባ መልስ አልሰጡትም። እኔ ግን ዛሬ ልመልስለት። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ቤታቸው አለማምጣታቸው ጥፋት ሊሆን አይችልም። 34 ዓመት በንጹሕ እጅ ያገለገለ ሰው ለማኅበር የሚያቀርበው ጠላ ሲያጣ ጥፋቱን እሱ ላይ የሚፈልግ ተረት አልወደውም።

የእትዬ ባሕር ዛፍ

ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እትዬ ዕድሜያቸው ከአባባ ጋር ነው። አንድ ቀን ደመወዝ በልተው አያውቁም። አረቄ እያወጡ ነው ልጆች ያሳደጉት። የጡረታ ደብተር የላቸውም። ግን ማኅበር አይቀሩም፣ ዕድር አያዘገዩም፣ ሠርግ ቤት ባዶ እጃቸውን አይገቡም።

ጥር 13 ጠዋት ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ነገሩን ሳላድበሰብስ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ እርስዎ በምንድን ነው የሚኖሩት?»

ሳቁ። «በጫጫ በኩል ያለችውን የእናቴን መሬት አታውቂያትም? ድንጋያማ ነች፣ ገብስ አታበቅልም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ባሕር ዛፍ ተከልንባት። ስድስት ሰባት ዓመት ስትቆይ ለማገርና ለአጠና ትሸጣለች። ተቆርጣ አታልቅም፣ ከጉቶዋ መልሳ ታቆጠቁጣለች። አራተኛ ጊዜዋ ነው አሁን።» ከዚያ ስኒውን እያቀበሉኝ ወደ ጓሮ ጠቆሙ። «ያቺን ክፍል ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ልጆች አከራያለሁ።»

ባሕር ዛፍ የሚነቅፉት ብዙ ናቸው። ውኃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ እህል አይሆንም ይባላል። እውነትም አለበት። እኔ የማወራው ስለ ዛፉ አይደለም። እትዬ ያላቸው ነገር ከዋጋው ጋር አብሮ የሚወጣ ነው። አጠና ሲወደድ የእሳቸውም ይወደዳል። ኪራይ ሲጨምር የእሳቸውም ይጨምራል። አባባ ያላቸው ግን ቁጥር ነው። ቁጥር ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

ይሄን ስል «አባባ ለምን አልተከሉም?» የሚል ይኖራል። የመንግሥት መምህር በየሦስት በየአራት ዓመቱ በሚዛወርበት ዘመን የት ይትከል? ያለቻቸው ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠሯት ቤት ናት። ጓሮዋ ሰፊ ነው። ጎመንና ጥቂት ድንች ይተከልበታል። ያን ጓሮ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ ያየሁት እትዬ ጓሮ ላይ ቡና እየጠጣሁ ነው።

ሁለት ክፍል

ከወንድሜ ጋር ሦስት ሳምንት ተነጋገርን። ከባዱ ገንዘቡ አልነበረም፤ አባባን ማሳመን ነበር። «እናንተ የራሳችሁ ልጆች አሏችሁ» ይላሉ። ስንልክላቸው ይቀበላሉ፣ ግን በተቀበሉ ቁጥር ድምፃቸው ያንሳል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ የልጅ ፊትም ቢሆን ለአባት ያው ነው። በየበዓሉ የምንልከው ነገር ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነበር። መቼ እንደሚመጣ አያውቁትም። ስንት እንደሆነ አያውቁትም። ባይመጣ መጠየቅ አይችሉም። ያቀደ ሰው የሚደግሰው በማያውቀው ገንዘብ አይደለም።

በመጨረሻ ያሳመንናቸው በራሳቸው ወረቀት ነው። የካላንደሩን ገጽ ከኪሳቸው አስወጣሁና 1,950 ካሉት አጠገብ አንድ ነገር ጻፍኩ፦ «ኪራይ»። «አባባ፣ ኪራይ ግማሽ አይሆንም» አልኳቸው። «እርስዎ ኖሩም አልኖሩም ለእማዬ ሙሉው ነው።»

ወረቀቱን ብዙ አዩት። «ይሄስ ልክ ነው» አሉ።

ፋሲካ አልፎ ዝናብ ሳይገባ ሁለት ክፍል ሠራን። ጭቃ ቤት ነው፣ ሌላ አቅም አልነበረንም። አጠናውና ማገሩ ከእትዬ ባሕር ዛፍ መጣ። «ከኪራዩ ቀስ ብላችሁ ትሰጡኛላችሁ» ብለው ግማሹን በዱቤ ሰጡን። ቆርቆሮውና ምስማሩ ነው ያጎበጠን። ፈቃዱን ለማውጣት ወንድሜ አራት ቀን ተመላልሷል። አባባ ጭቃው ሲረገጥ ቆመው እየተቆጣጠሩ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሰዓት በእርሳስ ይመዘግቡ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አላየኋቸውም።

አንዱን ክፍል አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ተከራየችው። ሌላውን ሁለት ተማሪዎች። ኪራዩ ተደምሮ ከጡረታው አይተናነስም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ተማሪዎቹ ክረምት ሲገባ ለቀው ሄዱና ክፍሉ ሁለት ወር ባዶውን ከረመ። የአባባ መድኃኒት አሁንም አንዳንዴ ከመንግሥት ፋርማሲ ይጠፋል፤ ከግል ሲገዛ ዋጋው ሌላ ነው። ጓሮ የሌለው ጡረተኛ ምን ያድርግ ብትሉኝ መልስ የለኝም። አባባ ዕድለኛ ናቸው።

ስለ ራሴም ማሰብ ጀመርኩ። 43 ዓመቴ ነው። ማኅበራዊ ዋስትና ሄጄ መዝገቤን አስወጣሁ። ድሮ የሠራሁበት አንድ ድርጅት ከደመወዜ ቀንሶ ገቢ ያላደረገው 14 ወር አገኘሁ። 14 ወር! ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ አንድ ቀን አጣርቼ አላውቅም። የድሮ የደመወዝ ወረቀቶቼን ከሻንጣ ሥር እየለቀምኩ አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ እየተከታተልኩ ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገሩ፤ ድርጅቱ ሳይፈርስ፣ ማስረጃው ሳይጠፋ። እስከ 60 ብሠራ ከ2003 ጀምሮ 32 ዓመት ይሆንልኛል። በአባባ ስሌት 57 ነጥብ 5 በመቶ ነው። እኔም በእርሳስ አስልቼዋለሁ። እናንተም እባካችሁ መዝገባችሁን አስወጡ። ዛሬ ነገ አትበሉ።

ጥቅምት 12 ማታ እማዬ ደወለች። አባባ ከማኅበር ጽዋውን ይዘው መግባታቸውን ነገረችኝ። ለኅዳር ሚካኤል! ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚበዛበትን ወር መርጠው። «ማን ሰጣቸው?» ስላት «ማንም አልሰጠው፣ ራሱ ተነሥቶ እኔ ልውሰድ አለ» አለችኝ።

ትናንት ደግሞ እኔ ደወልኩ። ጥንስሱ ተጠንስሷል። ብቅሉ ደርቆ ተፈጭቷል። አባባን እንድታገናኘኝ ጠየቅኳት።

«የለም» አለችኝ። «ገሾ አነሰ ብሎ ገበያ ወጥቷል። እኔ የመረጥኩት አይጥመውም።»